ፓምፑን የሚያስጮኸው ዶክተር

መገናኛ፣ የየካ አባዶ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የሞቱን ዜና ያነበብኩት። ከበዓል ሰላምታ በቀር ድምፅ የማይሰማበት የድሮው የላብራቶሪያችን የቴሌግራም ግሩፕ በአንድ ጊዜ በሻማና በሚጸልዩ እጆች ተሞላ። «ታላቅ ሰው አጣን»፣ «የሳይንስ አባት»፣ «ዋርካ ወደቀ»። ዋርካ ወደቀ ያለው ሰው፣ ዶክተር አምሃ በሕይወት ሳለ ኮሪደር ላይ ሲያየው ሽንት ቤት ገብቶ የሚደበቅ ነበር። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብሬ ተንቀሳቀስኩ።

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይልና ወዲያው መውቀሱን ይቀጥላል። እኔ ግን ያድርገኝ። ነፍሱን ይማር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ የሚማርለት ነገር ሞልቷልና። ዓመታት ሙሉ «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ፣ ቢሮው በር ላይ አንገቴን ሰብሬ ቆሜያለሁ። እዚህ ግን «እሱ» ነው የምለው። የማትረሺው ሰው ማን ነው ብባል እናቴን ወይም የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬን ብጠራ ደስ ባለኝ። ፊቴ ላይ የሚደቀንብኝ ግን እሱ ነው።

ረጅም ነበር። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። ነጭ ጋውኑን እንደ ካባ ነበር የሚለብሰው፤ በዚያ ጋውን ላይ አንዲት የኬሚካል ጠብታ አይቼ አላውቅም። ሰው ሲያናግር መነጽሩን ያወልቅና በከረባቱ ጫፍ ይወለውላል፣ የሚያየውም የሰውየውን ፊት ሳይሆን የመነጽሩን መስታወት ነው። ማንንም በስሙ አይጠራም። እኔ ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ የተቀጠርኩትም የፈሳሽ ፍሰት እንዳጠና ነው። ለሱ «ቧንቧዋ» ነበርኩ። «ቧንቧዋን ጥሩልኝ!» ሲል ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ይሰማኛል፤ ሰው ሁሉ ይሰማል፣ እኔም እሄዳለሁ።

ላብራቶሪያችን በየካ በኩል፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ውስጥ ነበር። የምንሠራው ነገር ለሰው ስናወራው ተረት ይመስላል፤ አጥንት እናሳድግ ነበር። ከሰው መቅኒ የተወሰዱ ሴሎች እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ባላት፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል የሴራሚክ ቁራጭ ላይ ይዘራሉ። ቁራጯ ባዮሪአክተር በሚባል ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ትቀመጣለች። የሴሎቹን ምግብ የያዘ ቀላ ያለ ፈሳሽ በፓምፕ እየተገፋ በቀዳዳዎቿ ውስጥ ያልፋል። ፈሳሹ ካላለፈ መሃል ያሉት ሴሎች በረሃብ ያልቃሉ። ቀስ ብሎ ካለፈ ይመገባሉ፤ በዚያ ላይ እያለፈ ስለሚዳስሳቸው ይነቃቁና አጥንት መሥራት ይጀምራሉ። በኃይል ካለፈ ግን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። የኔ ሥራ ልኩን ማግኘት ነበር። ልኩ ደግሞ በጣም ዝግተኛ ነው፤ ዕቃው ፊት ወንበር ስባችሁ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጡ ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ አታዩትም።

የዶክተር አምሃ ጠብ ከዚህች ዝግታ ጋር ነበር።

ሰውዬው ጉብኝት ይወዳል። ሌላው ሰው ምሳ እንደሚወደው ነው እሱ ጉብኝት የሚወደው። እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ባነር ይሰቀላል፣ አበባ ይገዛል፣ ለእንግዶች አዳዲስ ጋውን ከመጋዘን ይወጣል። የኛ ክርኑ ያለቀው ጋውን በር ጀርባ እንዲሰቀል ይታዘዛል፣ እኛም አብረነው እንድንሰወር። «ክፍሉ ጠባብ ነው» ይለናል። «እናንተን ሊያዩ አይደለም የመጡት።» ወጥተን ባሕር ዛፉ ሥር እንቆማለን። ትንሽ ቆይተው እንግዶቹ እየሳቁ ይወጣሉ፣ መኪና ይሞላሉ፣ ለምሳ ወደ እንጦጦ ፓርክ ሽቅብ ይነዳሉ። እኛም ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

በክፍላችን ሴሎቹን የምታሳድገው ሔለን ነበረች። ክፍለ ሀገር ካለ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፈቃድ ወስዳ ለዶክትሬት የመጣች መምህርት ናት። የካ አባዶ አንድ ብሎክ ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ ጠዋት አብረን እንሳፈራለን፣ ማታም አብረን እንሰለፋለን። ሴሎቿን ስትመግብ ትንፋሿን የምትይዝ ልጅ ናት። ፓምፑን እኔ አስተካክላለሁ፣ ሕይወት ያለውን ነገር እሷ ትይዛለች።

ሥራዋ ግን ይበላሽባት ጀመር። ቁራጯን አውጥታ በማይክሮስኮፕ ስታይ ጠርዝ ጠርዙ ተመልጧል፣ ሴል የሚባል የለበትም። ደግማ ዘራች፣ ደግሞ ተመለጠ። የጓንት ዓይነት ቀየረች። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ድረስ ቆረጠች። ቅባት መቀባት ተወች፤ እጇ ተሰነጣጥቆ ያሳዝን ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ ስታያቸው አገኛት ነበር።

በሥራ ግምገማ ቀን ይህን ሁሉ በስላይድ አቀረበች። የተመለጠውን ጠርዝ በትልቁ ግድግዳ ላይ አሳየች፣ ምክንያቱን እንዳላገኘችው በእውነት ተናገረች። ዶክተር አምሃ መነጽሩን አወለቀ።

«የኔ እመቤት» አላት፣ «አንዳንድ እጅ ለላብራቶሪ ይሆናል፣ አንዳንድ እጅ ደግሞ ለሊጥ። ያንቺ ከየትኛው እንደሆነ ብታስቢበት ጥሩ ነው።»

ሰው ሳቀ። ዋርካ ወደቀ ያለውም ሳቀ። ሔለን «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላ ላፕቶፗን አጠፈች። እስከ መገናኛ በእግራችን ወረድን።

እንግዲህ ሰውዬው ደንቆሮ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ደንቆሮ ግን አልነበረም። ይህን ያወቅኩት መብራት የጠፋ ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ድርግም አለ፣ ጀነሬተሩም ናፍጣ አልነበረውም፣ ፓምፑ ቆመ። ሔለን ተርበተበተች። እኔ የፈሳሹን ጠርሙስ መጋረጃ መስቀያው ላይ ልሰቅል ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ከፍ ካለ በራሱ ክብደት እየወረደ መብራቱ እስኪመጣ ሴሎቹን ያቆያቸዋል ብዬ ነው። በዚህ መሃል ዶክተር አምሃ ገባ። ያ ጋውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወልቅ አየሁት፤ አውልቆ ወንበር ላይ ወረወረው።

«ዝቅ አድርጊው» አለኝ። «ዝቅ። አሁንም ዝቅ። እሱ ላይ ተይው።» ጎንበስ ብሎ የሚወርደውን ጠብታ እያየ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። «ከዚህች ከፍ ካለ ያጥብልሻል። ሴል ልብስ አይደለም።»

ከዚያ እስክሪብቶ አነሳና ሰሌዳው ላይ መሳል ጀመረ። ፈሳሽ በሰፊው ቀዳዳ እንዴት እንደሚሮጥ፣ በጠባቡ እንዴት እንደሚንቀረፈፍ፣ ጠርዝ ላይ ያሉት ሴሎች ለምን ቀድመው እንደሚጎዱ፣ መሃል ያሉት ለምን ቀድመው እንደሚራቡ። እኔ ከመጻሕፍት ለቃቅሜ በወራት የገባኝን እሱ በአንዲት ሰሌዳ ጨረሰው። ስንጠይቀው ይመልሳል፣ ፊታችንን እያየ ይመልሳል። ሔለን «ለካ መምህር ናቸው» ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እኔም ያን ቀን ወደድኩት። ጠልቼው ነበር፣ ግን ወደድኩት፤ እንዲያ የሚያስተምር ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። መብራቱ ሲመጣ ስልኩ ጠራ። ጋውኑን ለበሰ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ «ሰሌዳውን አጥፉት፣ ነገ እንግዳ አለብን» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እንግዶቹ ሲገቡ እንደ ልማዳችን ወጣን። ስልኬን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼ ስለነበር ልወስድ ተመለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ አንድ ጩኸት ሰማሁ። ፓምፓችን ጸጥ ያለ ነገር ነው፣ ሲሠራ ጆሮ ካላስጠጉ አይሰማም። አሁን ይጮሃል። በሩ ገርበብ ብሏል። ማዞሪያው ላይ የዶክተር አምሃ እጅ አለ፣ ማዞሪያውም እስከ መጨረሻው ዞሯል፤ ቀዩ ፈሳሽ ቱቦው ውስጥ አረፋ እየደፈቀ ይሽከረከራል። እንግዶቹ ስልካቸውን ደግነው ይቀርጻሉ።

«ደም ነው?» አለች አንዲት ሴትዮ።

«ከደም አይተናነስም! ሕይወት እኮ ነው እመቤቴ፣ ሕይወት ደግሞ ይንቀሳቀሳል!»

አጨበጨቡለት። የሔለን ሴሎች፣ ትንፋሿን ይዛ የመገበቻቸው ሴሎች፣ በዚያ ጭብጨባ መሃል ተጠራርገው ወደ ቆሻሻ ጠርሙሱ ይወርዱ ነበር። የሚመለጠው ጠርዙ ነው፤ ትናንት ሰሌዳ ላይ በገዛ እጁ ስሎ ያሳየን ያው ጠርዝ። ስልኬንም ሳልወስድ ወጣሁ፤ ስንመለስ ማዞሪያው ምንም እንዳልተነካ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

ከምሳ እስኪመለስ ጠብቄ ቢሮው ገባሁ።

«ዶክተር፣ ትናንት እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉን። ከልኩ ካለፈ ሴሎቹን ያጥባቸዋል ብለውናል።»

መነጽሩን መወልወል ጀመረ። «ብያለሁ።»

«ዛሬ ፓምፑን እስከ ጥግ ከፍተውት አየሁ።»

«ሰዎቹ ከላይ የመጡ ናቸው። ታዲያ የቆመ ውሃ ላሳያቸው? የቆመ ውሃ ማየት ካማራቸው ሁሉም ቤታቸው ሮቶ አላቸው።»

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ነው እንዴ የሚከፍቱት?»

መወልወሉን ቀጠለ።

«የሔለን ሴሎች እኮ ናቸው የሚያልቁት! ልጅቷ እጄ ነው ጥፋተኛው ብላ ልታብድ ነው፣ እርስዎም በሰው ፊት ለሊጥ ነው የምትሆኚው አሏት!»

መነጽሩን አደረገ፣ ግን አላየኝም። «ሴል ይዘራል። እንግዳ አይዘራም» አለ። «በይ ቧንቧሽን ጠብቂ።»

ከዚያ በፊት ሰው ጠልቼ አውቃለሁ። ሰው መናቅን የተማርኩት ግን እዚያ ቢሮ ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው። የማያውቅ ሰው ቢያጠፋ ታስተምሩታላችሁ። ያወቀውን እያወቀ፣ ለጭብጨባ ሲል የሌላ ሰው ልፋት በቱቦ የሚያፈስ፣ ከዚያም ጥፋቱን በልፋቱ ባለቤት እጅ ላይ የሚያላክክ ሰው ምን ይደረጋል? ጭቅጭቅም አይገባውም። ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ለሔለን ነገርኳት። ወደኔ ዞር አለች።

«እጄ አይደለም?»

«እጅሽ አይደለም።»

«ማይልኝ እስቲ።»

«ራጉኤልን! በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ሥር ሸጎጠቻቸውና እስከ አባዶ ድረስ በመስኮት ውጭውን እያየች ሄደች። ስንወርድ ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ቀና ብላ ነበር የምትራመደው።

የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነበር። የመጣችበት ዩኒቨርሲቲ ፈቃዷን ከዚህ በላይ እንደማያራዝም ነግሯታል። ከአጥንት ቀዶ ጥገና የተረፈ መቅኒ የሚሰጠን ሐኪምም ከዚህ በኋላ እንዳንመጣበት ነግሮናል፤ የመጨረሻውን ወስዳ ዘራች። ይህ ከተመለጠ ያለ ዶክትሬት ትመለሳለች፣ ለሊጥ የተባለውን እጅ ይዛ። ሴሎቹ መያዝ ሲጀምሩ ደግሞ ዶክተር አምሃ ትልቅ ጉብኝት ይዞ መጣ፤ በቴሌቪዥን ካሜራ የታጀበ።

«ለዚህ አንድ ጊዜ የኛን ክፍል ይዝለሉት» ብለን ሁለታችንም ለመንነው።

«ያለናንተ ክፍል ምን የሚታይ ነገር አለኝ?» አለን። በዚህስ አልዋሸም። በሩን እንዳንቆልፍ ቁልፍ አለው።

ዘዴው የሔለን ነው። «ቀይ ውሃ አይደል የሚፈልጉት?» አለችኝ። «ቀይ ውሃ እንስጣቸዋ።»

እውነተኛውን ባዮሪአክተር ኋላ ካለው ዕቃ ቤት፣ በአሮጌ ካርቶኖች ጀርባ፣ ትርፍ ፓምፕ ገጥመንለት፣ ሙቀት በሚጠብቀው ትንሹ ኢንኩቤተር ውስጥ ሸሸግነው። በቦታው እኔ ሌላ ሠራሁ። አጥንት የሚያድግበትን የሚመስል ቁራጭ ስላስፈለገን መገናኛ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የእግር መፋቂያ ድንጋይ ገዛሁ፤ እሱም ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። በመጋዝ ቆርጬ አስተካከልኩት። ለምግቡ ፈሳሽ ሔለን ካርካዴ አፈላች። የዕቃውን አፍ ጠበብ፣ ሆዱን ሰፋ አድርጌ፣ ፈሳሹ ሲገባ ድንጋዩን ዞሮ እንዲሽከረከር አደረግኩት። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ የሚያምርና እንደዚያ የማይረባ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ዜናውን ግቢው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ዶክተር አምሃ ማዞሪያውን እስከ ጥግ ሲያዞር፣ ካርካዴው አረፋ ሲደፍቅና ሲናጥ፣ የእግር መፋቂያው ድንጋይ በመሃሉ ሲርገበገብ። «ይህ በዓይናችሁ ፊት እያደገ ያለ አጥንት ነው!» ይላል ወደ ካሜራው እየጠቆመ። ሔለን ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ አልሳቅኩም። ሰሌዳው ላይ ያንን ሁሉ የሳለ ሰው ድንጋዩን ከአጥንት መለየት አለመቻሉ ገርሞኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ አላየውም። ካሜራውን ነበር የሚያየው።

አጥንቱ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በዝግታ፣ አደገ። ቁራጯን ያወጣች ቀን ሔለን እየጮኸች ጠራችኝ። «ሩትዬ፣ ነይ! ነይ እይ!» ለሁለት ቆርጣት ነበር። አንደኛውን ግማሽ ቀለም ቀብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣዋለች። ከጠርዝ እስከ መሃል፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአዲስ አጥንት ተለብጠዋል። አንድም የተመለጠ ቦታ የለም። ሌላኛው ግማሽ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ውስጥ ነበር፤ ነጣ ያለ፣ ሸካራ፣ ለማያውቅ ሰው የተሰበረ የሸክላ ቁራጭ የሚመስል። ተቃቅፈን አለቀስን።

ያሸነፍን መስሎን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን ስታስገባ ዶክተር አምሃ አስጠራት፤ የፈታኞቹ ሰብሳቢ እሱ ነው።

«የፍሰቱን ፍጥነት አስተካክዪው» አላት።

«ያደገው በዚህ ፍጥነት ነው ዶክተር።»

«ሀገር በቴሌቪዥን ያየው ሌላ ነው። ወይ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ወይ ያንቺ ጽሑፍ ስህተት ነው። ምረጪ።»

በገዛ ካርካዴያችን ተጠመድን። እውነቱን ብትናገር አታላይ ትባላለች፤ በእንግዳና በካሜራ ፊት ድንጋይ ያስቀመጠች ተማሪ ማን ያስመርቃታል? ፍጥነቱን ብትቀይር ትመረቃለች፤ ሥራዋ ግን ውሸት ይሆናል። ሚኒባስ ስንጠብቅ «ቀይሪውና ተመረቂ» አልኳት፤ ከዚያ ሰው ለመገላገል ብዬ ነው።

«ሌላ ተማሪ ያንን አንብቦ ይሠራል» አለችኝ። «ሴሎቹ ይመለጡበታል። ከዚያ ጥፍሩን መቁረጥ ይጀምራል።»

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ከዶክተር አምሃ ጎን ተቀምጠዋል። ሔለን ሳትቀይር ነው ያቀረበችው፤ ፍጥነቱ እንዳለ፣ ዝግተኛው። ጥያቄ ሲባል ዶክተር አምሃ መነጽሩን አወለቀ።

«ሀገር ያየው ባዮሪአክተር በዚህ ፍጥነት አልነበረም የሚሠራው። የትኛውን እንመን?»

ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሺ ልጄ» አሏት።

ሔለን ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ ያንን እኔ የሠራሁትን ዕቃ ከነፓምፑ አወጣች። እኔም አልጠበቅኩም ነበር። ከቴርሞሷ ቀይ ፈሳሽ ሞላችበት። ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞረችው፣ ፓምፑ ጮኸ፣ ቀዩ ተሽከረከረ።

«ሀገር ያየው ይህን ነው ዶክተር?»

«እሱን ነው!» አለ ደስ ብሎት።

ቱቦውን ነቀለች፣ ብርጭቆ ሞላች፣ ጠጣችው። እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

«ካርካዴ ነው» አለች። ድንጋዩን አውጥታ ፕሮፌሰሩ ፊት አስቀመጠችው። «ይህ ደግሞ የእግር መፋቂያ ድንጋይ ነው። የኔ ሴሎች በዚህ ፍጥነት ውስጥ አይኖሩም፣ ያን ቀንም እዚህ ውስጥ አልነበሩም። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ ያደገው በጻፍኩት ፍጥነት ነው፣ ይኸው ማየት ይቻላል።» ትንሿን ሳህን ከጎኑ አደረገች።

ፕሮፌሰሩ ወደ ዶክተር አምሃ ዞሩ። ሰው ሁሉ ወደ ዶክተር አምሃ ዞረ። አለቀለት ብዬ ተስገብግቤ ጠበቅኩ።

ማጨብጨብ ጀመረ። ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ! «ብራቮ!» አለ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ይህን ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ውድ ናሙና በጎብኚ እንዳይበላሽ ማሳያ አዘጋጁ ብዬ። ጥያቄዬም ተማሪዋ በራሷ ሥራ መቆሟን ለማየት ነበር። ቆመች!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ፕሮፌሰሩ እፎይ ብለው «እንዴት ያለ ዘዴ ነው!» አሉና የሰብሳቢውን እጅ ጨበጡ። ከፊት ወንበር ተነስቼ አፌን ልከፍት ስል ሔለን ክንዴን ያዘችኝ። የማለፊያ ወረቀቱ ፊቱ ነበር፣ እስክሪብቶውም ወጥቷል። ፈረመ። እንዲህ ነው ሔለን ዶክተር የሆነችው፤ በእውነቷና በሱ ውሸት። ዛሬ በዚያ የቴሌግራም ግሩፕ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚያወራው የዶክተር አምሃ ብልሃት ይህ የካርካዴው ነገር ነው።

ከፈተናው በኋላ ዳቦ ገባ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ፎቶ አንሺ ተጠራ። ሔለን ሳህኗን ይዛ በሰው መሃል እየተሹለከለከች ወደ ዶክተር አምሃ ስትሄድ አየኋትና ተከተልኳት።

«ዶክተር፣ አላዩትም እኮ» አለችው።

ተቀበላት። ክዳኑን ከፈተ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው፣ አዘንብሎ የተቆረጠበትን ፊት አየ። መነጽሩን አልወለወለም። ፊቱ ረጋ አለ፤ መብራት በጠፋበት ቀን ያየሁት ፊት ነበር።

«እስከ መሃል ገብቷል?» ብሎ በዝግታ ጠየቃት።

«እስከ መሃል።»

«ጠርዙስ?»

«ጠርዙም አለ።»

በዚያ ቀን ሙሉ፣ በዚያ አዳራሽ ሙሉ፣ መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ሔለን ልትቀጥል አፏን ከፈተች፣ ዓይኗ በርቶ ነበር። ያኔ ፎቶ አንሺው «ዶክተር፣ ወደዚህ!» ብሎ ተጣራ። ዶክተር አምሃ ከረባቱን አስተካከለ። ሳህኗን ከዳቦው ጀርባ አስቀመጣትና «ትንሽ ናት፣ ፎቶ ላይ አትወጣም» አላት።